ጋሻው ይቅደም ወይስ ሰይፉ

ቂሊንጦ፣ ኮንዶሚኒየም፣ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ። ተናጋሪዎቹ ሁለት ናቸው፦ ጡረታ የወጡ የፍትሐ ብሔር ዳኛ፣ እና እዚያው አካባቢ በሚገኘው በአዲስ አበባ ሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ ሶፍትዌር ምህንድስና የምታጠና የእህታቸው ልጅ።

ተማሪዋ፦ ጋሼ፣ ዛሬ ሙግት ይዤብዎት ነው የመጣሁት። የልጆች ነገር ነው ብለው እንዳያልፉኝ፤ በዚህ ጣጣ አንድ ጓደኛችን ጨዋታውን ጥሎ ወጥቷል።

ዳኛው፦ የምን ጨዋታ ነው?

ተማሪዋ፦ ዳንጀንስ ኤንድ ድራገንስ ይባላል። ጠረጴዛ ከበን የምንጫወተው ነው። እያንዳንዱ ተጫዋች አንድ ሰው ሆኖ ይገባል፤ አንዱ ጋሻ ያዥ፣ አንዷ ቀስተኛ፣ አንዱ ደግሞ ደብተራ ቢጤ። መሪዋ እኔ ነኝ። አገሩን፣ መንገዱን፣ ጠላቱን የማወራው እኔ ነኝ። ተጫዋቹ «ይህን አደርጋለሁ» ይላል፤ መሳካቱ የሚያጠራጥር ከሆነ ባለ ሃያ ገጽ ዳይስ ይጣላል። ውጊያ ሲነሳ ግን ወሬው ቆሞ ደንብ ይገባል። ማን ይቀድማል፣ ምን ያህል ይራመዳል፣ በአንድ ተራ ስንቴ ይመታል፣ ሁሉም ተጽፏል።

ዳኛው፦ ሁሉም ከተጻፈ ሙግቱ ከየት መጣ?

ተማሪዋ፦ ከተጻፈው ነዋ። ጋሻ ያዡ አንድ ልዩ ችሎታ አለው። እ.ኤ.አ. በ2014 የወጣው መጽሐፍ፣ በተራህ የማጥቃት እርምጃ ከወሰድክ፣ በተጨማሪ እርምጃ አጠገብህ ያለውን ጠላት በጋሻህ መግፋት ትችላለህ የሚል ሐሳብ አለው። ገፍቶ ማራቅም፣ መጣልም ይቻላል። መግፋቱ ከማጥቃቱ በፊት ይሁን በኋላ ግን አልተነገረም።

ዳኛው፦ ሁለቱ ወገኖች ምን አሉ? በየተራ ንገሪኝ፤ የአንዱን ቃል ከሌላው አትደባልቂ።

ተማሪዋ፦ ጋሻ ያዡ፦ «በዚህ ተራ ማጥቃቴ አይቀርም። ስለዚህ አስቀድሜ በጋሻዬ ልጣለው፣ ከዚያ በሰይፍ ልምታው። መጽሐፉ ቅደም ተከተል አላስቀመጠም» አለ። ቀስተኛዋ ደግሞ፦ «ካጠቃህ ነው የሚለው። ገና ሰይፍህን ሳታነሳ አጥቅቻለሁ ማለት አትችልም» አለች።

ዳኛው፦ ቀስተኛዋ ምን ጥልቅ አደረጋት? ጠላት ቢወድቅ ለሁሉም ደግ አይደል?

ተማሪዋ፦ አይደለም እኮ! ነገሩ እዚህ ላይ ነው የሚከርረው። የወደቀን ጠላት አጠገቡ የቆመ ሰው ሲመታው ሁለት ዳይስ ጥሎ ትልቁን ቁጥር ይወስዳል። ከሩቅ ቀስት የሚወረውር ግን ሁለት ጥሎ ትንሹን ነው የሚወስደው፤ መሬት ላይ የተለጠፈ ሰው ለቀስት ዒላማ አይመችም። እንግዲህ ይቁጠሩት። ጋሻ ያዡም ቀስተኛዋም የመምታት ዕድላቸው ከመቶ 50 ነው እንበል። ጠላቱ አስቀድሞ ከወደቀ የጋሻ ያዡ ዕድል 75 ይሆናል፤ የእሷ ወደ 25 ይወርዳል።

ዳኛው፦ እንዲህ በይኛ። ቃሉ ላይ የሚሟገቱ ይመስላሉ እንጂ ሁለቱም የያዙት ጥቅም አለ። ችሎት ላይ የሕግ ክርክር ሲሞቅ መጀመሪያ የምጠይቀው ይህንኑ ነበር፦ ቃሉ እንዲህ ቢነበብ ማን ምን ያገኛል፣ ማን ምን ያጣል? ጥቅማቸውን ካወቅሽ የክርክራቸው ጉልበት ከየት እንደመጣ ታውቂያለሽ። ያ ማለት ግን ክርክሩ ውሸት ነው ማለት አይደለም፤ ጥቅም ያለው ሰውም እውነት ይናገራል። አንቺ ምን ፈረድሽ?

ተማሪዋ፦ ማጥቃቱ ይቅደም አልኩ። ጋሻ ያዡ ወዲያው የደንቡን ዋና አዘጋጅ ቃል ጠቀሰብኝ። ጄረሚ ክሮፎርድ በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ሲጠየቅ፣ መግፋቱ ከማጥቃቱ በፊትም ሊሆን ይችላል ብሎ መልሶ ነበር። ቀስተኛዋም አላረፈችም፦ ያው ክሮፎርድ እ.ኤ.አ. በ2018 ሐሳቡን ለውጦ ማጥቃቱ መቅደም አለበት ብሏል። በ2024 በታደሰው መጽሐፍ ደግሞ ነገሩ ከነጭራሹ ተቀይሯል፤ አሁን በጋሻ የሚገፋው መሣሪያው ያገኘውን ጠላት ብቻ ነው። እኛ ግን የያዝነው የ2014ቱን ነው።

ዳኛው፦ አንድ አንቀጽ፣ አንድ ሰው፣ ሁለት ትርጉም። በዚህስ አትደነቂ። በአዋጅ ቁጥር 454/1997 የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሰበር ሰሚ ችሎት ከአምስት ባላነሱ ዳኞች የሚሰጠው የሕግ ትርጉም በየትኛውም ደረጃ ያለን ፍርድ ቤት እንዲያስር ተደረገ። እዚያው ላይ ደግሞ ችሎቱ ራሱ በሌላ ጊዜ የተለየ ትርጉም ሊሰጥ እንደሚችል ተጽፏል። አዋጁ በ2013 ዓ.ም. በቁጥር 1234 ተተክቷል፤ የሰበር ትርጉም አስገዳጅነት ግን እንዳለ ነው። ትርጉም ይለወጣል። ተከራካሪውን የሚያሳምመው መለወጡ ሳይሆን የትኛው ትርጉም በእሱ ጉዳይ ላይ እንደሚሠራ አስቀድሞ አለማወቁ ነው።

ተማሪዋ፦ እንግዲያ ክሮፎርድ የእኛ ሰበር ችሎት ነው?

ዳኛው፦ እስቲ አንቺ ንገሪኝ። ስትሰበሰቡ የእሱ ቃል ያስረናል ብላችሁ ተስማምታችኋል?

ተማሪዋ፦ የለም። መጽሐፉን ነው የተቀበልነው።

ዳኛው፦ ስለዚህ የእሱ ቃል ክብደት ያለው ምክር ነው። አርቃቂ ሕጉን ሲያወጣ ምን አስቦ እንደነበር መናገሩ ይጠቅማል፤ አሥር ዓመት ቆይቶ የሚያስበው ግን ያን ጊዜ ያሰበው ላይሆን ይችላል። አሁን ወደ እኔ ቤት እንግባ። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ስለ ውል አተረጓጎም የሚናገር ክፍል አለው። ቁጥር 1733፦ የውሉ ቃል ግልጽ ከሆነ ዳኛው የተዋዋዮቹ ፈቃድ ይህ ነበር እያለ ከግልጹ ቃል ሊወጣ አይችልም።

ተማሪዋ፦ ይኸው ነው እኮ ችግሩ! ለሁለቱም ግልጽ ነው። ለየብቻ ብትጠይቃቸው «ምንም የሚያሻማ የለውም» ይሉሃል፤ ይቅርታ፣ ይሉዎታል። ግልጽነቱ በተቃራኒ መንገድ ነው።

ዳኛው፦ ሁለት ጤነኛ አንባቢ በቅን ልቦና አንብበው ለየቅል ከተረዱት ቃሉ ግልጽ አይደለም ማለት ነው። ያኔ ቁጥር 1734 ይመጣል፤ የተዋዋዮቹን የጋራ ሐሳብ ፈልግ ይላል።

ተማሪዋ፦ የጋራ ሐሳብ አልነበረንም። ስንጀምር ማናችንም ስለ ጋሻ አላሰብንም።

ዳኛው፦ ከዚያ 1737 አለ። ሁለት ትርጉም ያለው ቃል ዋጋ እንዲኖረው በሚያደርገው መንገድ ይተርጎም እንጂ ባዶ በሚያደርገው አይተርጎም።

ተማሪዋ፦ በሁለቱም መንገድ ዋጋ አለው። አንደኛው ብዙ ይሰጣል፣ ሌላኛው ጥቂት። ጋሻው በኋላ ቢገፋም በአንድ ተራ ሁለትና ሦስት ጊዜ የሚመታ ሰው፣ ከጎኑ በሰይፍ የሚዋጋ ጓደኛም ቢኖር ይጠቀማል። ስለዚህ በዚህም አይፈታም። ጋሼ፣ ሕግዎ ደከመ።

ዳኛው፦ አልደከመም፤ የሚያደርሰው እስከዚህ ነው። ከዚህ በኋላ ሰው ይቀመጣል። ይህን ደግሞ እንደ ጉድለት አትቁጠሪው። ደንብ ያወጣ ሁሉ መጨረሻ ላይ አንድ የሚታመን ሰው ወንበር ላይ ያስቀምጣል።

ተማሪዋ፦ የጨዋታችን ዘር ማንዘር ራሱ የሚናገረው ይህንን ነው። ልንገርዎት? በፕሩሺያ ቮን ራይስቪትስ የሚባል ሰው እ.ኤ.አ. በ1812 ለንጉሡ የጦርነት ጨዋታ አቀረበ። ልጁ በ1824 ደንቡን አሻሽሎ አሳተመው፤ መኮንኖች በካርታ ላይ ቀይና ሰማያዊ ሆነው የሚዋጉበት ነበር። የተኩሱ ጉዳት በሰንጠረዥና በዳይስ ይሰላል፣ በመሃል ዳኛ አለ። ደንቡ እየበዛ፣ እየበዛ ሄደና ጨዋታው ተጎተተ፤ መኮንኖቹ ሰለቹ። እ.ኤ.አ. በ1876 ቨርዲ ዱ ቨርንዋ የሚባል ጄኔራል ሰንጠረዡንም ዳይሱንም ወደ ጎን ትቶ፣ ውጊያ ያየ መኮንን ዳኛ ሆኖ በልምዱ ይወስን አለ።

ዳኛው፦ ይኸኛውስ ጠቀማቸው?

ተማሪዋ፦ ጨዋታው ፈጠነ። ግን ሁሉ ነገር በዳኛው ሰውነት ላይ ተንጠለጠለ። ከዚያ ወዲህ የመጡት ሁሉ በሁለቱ መካከል ሲዋልሉ ኖረዋል። እ.ኤ.አ. በ1971 ጋሪ ጋይጋክስና ጄፍ ፔረን ቼይንሜል የሚባል የመካከለኛው ዘመን የጦርነት ጨዋታ አወጡ። በ1974 ደግሞ ጋይጋክስ ከዴቭ አርነሰን ጋር ዳንጀንስ ኤንድ ድራገንስን በሦስት ትንንሽ መጻሕፍት አሳተሙ። በእነዚያ መጻሕፍት ውስጥ ያልተጻፈው ከተጻፈው ይበልጣል፤ ክፍተቱን የጠረጴዛው መሪ እንዲሞላው ነው የተተወው። የዛሬው መጽሐፍ ወፍራም ነው፤ ስለወፈረም ሰው ሁሉም መልስ እዚያ ውስጥ ያለ ይመስለዋል። የእኛ ጠብ የመጣው ከዚህ ነው ብዬ አስባለሁ። ጋሻ ያዡ መጽሐፉ ፈርዶልኛል ብሎ ስለሚያምን የእኔን ፍርድ እንደ ዝርፊያ ቆጠረው።

ዳኛው፦ የራሳችንን ታውቂያለሽ? ሰንጠረዥን?

ተማሪዋ፦ ቼዝ ማለትዎ ነው?

ዳኛው፦ የእኛውን ቼዝ። ዐፄ ልብነ ድንግል በ16ኛው መቶ ዘመን መጀመሪያ ከአንድ የቬኒስ ሠዓሊ ጋር ይጫወቱት እንደነበር ተጽፏል። ሄንሪ ሶልት የሚባለው እንግሊዛዊ በ19ኛው መቶ ዘመን መባቻ ትግራይ ሲገባ የራስ ወልደ ሥላሴን የሰንጠረዥ ፍቅር አይቷል። ሪቻርድ ፓንክረስት ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1971 ስለ ጨዋታው ደንብና ታሪክ በጆርናል ኦፍ ኢትዮጵያን ስተዲስ መጽሔት ላይ ጻፈ። መጫወቻው ብዙ ጊዜ ቀይ ጨርቅ ነው፤ መስመር ይሰፋበታል እንጂ አንዱ ቤት ጥቁር አንዱ ነጭ አይደለም። ከሁሉ የሚገርመኝ አጀማመሩ ነው። ወረራ ይባላል። በወረራ ጊዜ ተራ የለም። ሁለቱም ተጫዋቾች እጃቸው እንደፈቀደ ጠጠራቸውን ያንቀሳቅሳሉ፤ ሌላው እስኪጨርስ አይጠብቁም። ይህ የሚቆየው አንዱ የሌላውን ጠጠር እስኪበላ ነው። የመጀመሪያው ጠጠር ሲበላ ወረራው ያበቃል፣ ከዚያ በተራ ይሆናል።

ተማሪዋ፦ ያለ ተራ? ሁለቱም እኩል ቢንቀሳቀሱስ? እኔ ልበላው እጄን ስዘረጋ እሱ ጠጠሩን ቢያነሳውስ?

ዳኛው፦ አየሽ፣ ወዲያው የጠየቅሽው የጋሻሽን ጥያቄ ነው፦ ማን ቀደመ? ይህን በጽሑፍ ልትዘጊው አትችዪም። ሰንጠረዥ ደግሞ በመኳንንት አዳራሽ፣ ሰው ከቦ በሚያይበት የሚጫወቱት ነበር። የተጫዋቹ እጅ በሰው ፊት ነው ያለው። እጁን የሚያምታታ ሰው ጠጠር ቢያተርፍ ስሙን ይከስራል።

ተማሪዋ፦ ቆይ፣ ቆይ። አንድ ነገር ከፈቱልኝ። በእኛ ጨዋታ አንድ ዙር ስድስት ሰከንድ ነው። አምስቱ ሰዎችና ጠላቶቻቸው ሁሉ የሚንቀሳቀሱት በዚያው ስድስት ሰከንድ ውስጥ ነው። ተራ ያበጀነው ለእኛ ለጠረጴዛው ሰዎች እንዲመች ነው፤ በወሬው ውስጥ ግን ሁሉም በአንድ ጊዜ እየተንቀሳቀሰ ነው። ወረራ ማለት ነው! ስለዚህ ጋሻና ሰይፍ በተግባር አንዱ ባንዱ ላይ የተደረቡ ናቸው፤ ጋሻ ያዥ ሰው መጀመሪያ በጋሻው ደፍቆ ነው ሰይፍ የሚያስገባው ቢባል ያስኬዳል።

ዳኛው፦ ለጋሻ ያዡ መፍረድ ጀመርሽ።

ተማሪዋ፦ ለእሱ ሳይሆን ለነገሩ። መፍራቴ ግን አልቀረም። ይህን ከፈቀድኩ በየተራው ይጥላል፣ በየተራው 75 ይሆናል፣ ቀስተኛዋ ደግሞ ከጦርነቱ ውጪ ሆነች ማለት ነው።

ዳኛው፦ ሌላም የሰንጠረዥ ነገር አለ። ማሸነፍ ሁሉ እኩል አይከበርም ነበር። ንጉሡን እንደ ፈረስ ባሉ ኃይለኛ ጠጠሮች ማት ማለት ማሸነፍ ነው፣ ግን አያስመሰግንም። በደካሞቹ፣ በእግረኛ ወታደሮች ማት ያለ ሰው ይወደሳል። ጦሩ ሁሉ አልቆ ብቻውን የቀረን ንጉሥም ማት ማለት እንደ ድል አይቆጠርም። ደንቡ ይፈቅዳል ማለትና ያስከብራል ማለት ለየብቻ ነበሩ፤ ተጫዋቾቹ ሁለቱንም ያውቁ ነበር። ያ ልጅ የሚለው በደንቡ የተፈቀደ ሊሆን ይችላል። እንዲያ ሲያሸንፍ አብረውት የተቀመጡት ይደሰቱለታል ወይ? ይህን ጠይቀሽዋል?

ተማሪዋ፦ አልጠየቅኩትም። ብጠይቀውም «የወደዱኝ ይውደዱኝ፣ ደንቡ ደንብ ነው» የሚል ይመስለኛል።

ዳኛው፦ እሱም መብቱ ነው። ክብርን በፍርድ ማስገደድ አይቻልም። የገና ጨዋታን አስቢ። በጌታና በሎሌ መካከል ያለው ወሰን ለዚያ ቀን ይነሳል፤ በዱላው የተመታ ጌታ አይቆጣም ይባላል። ይህን የጻፈ አዋጅ የለም። ሜዳው ላይ የወጣ ሰው ሁሉ ተቀብሎት ስለሚወጣ ነው የሠራው። ያልተቀበለ ሰው ሜዳ ባይወጣ ይሻለዋል።

ተማሪዋ፦ ስለዚህ ሚዛኑ ምን ይሁን? አንዱ ቃሉን ይላል፣ አንዱ ነገሩን ይላል፣ አንዱ ፍትሐዊነትን ይላል። እኔ ደግሞ ዳይስ ይዤ እጠብቃለሁ።

ዳኛው፦ በመጻሕፍት ትርጓሜ ቤት ቢሆን ደስ ባለሽ። አንድምታ የሚያስተምሩት መምህር አንዱን ንባብ ይዘው አንድም ይህ ነው ይላሉ፣ አንድም ያ ነው ይላሉ፤ ሁለቱም ይቆማሉ፣ ተማሪው ሁለቱንም ይዞ ይሄዳል። ትልቅ ጥበብ ነው። ንባቡ ባሕር ነውና አንድ ሰው አይጨርሰውም። ዳኛ ግን እንዲህ ማድረግ አይችልም። ከሳሽና ተከሳሽ ፊቱ ቆመዋል፤ አንድም ቤቱ የአንተ ነው፣ አንድም የእሷ ነው ብሎ ሊያሰናብታቸው አይችልም። አንዱን መምረጥ አለበት። ያልመረጠውም ትርጉም ጤነኛ ትርጉም መሆኑን እያወቀ መምረጥ አለበት፤ ይህ ነው የሚከብደው።

ተማሪዋ፦ በእኔ ላይ የደረሰው ይኸው ነው። የጋሻ ያዡ ንባብ ስህተት አልነበረም። ስህተት ነህ ብዬ ግን ነው የፈረድኩበት። ከፍርዱ ይልቅ ያ ነው ያስወጣው መሰለኝ።

ዳኛው፦ ሊሆን ይችላል። «ንባብህ ያስኬዳል፣ እኛ ግን በዚህኛው እንሄዳለን» ማለትና «አታውቅም» ማለት የሰማይና የምድር ያህል ይራራቃሉ። ፍርድ ላይ የተሸናፊውን ክርክር በሙሉ መጻፍ ያለብን ለዚህ ነው። የተሸነፈ ሰው ክርክሩ በትክክል ተጽፎ ሲያየው፣ ቢያንስ እንደተሰማ ያውቃል።

ተማሪዋ፦ አሁን አንድ ሚዛን ወደ ልቤ መጣ። ጋሻውን ለጠላት ብሰጠውስ? እኔ የማንቀሳቅሰው ወታደር ያንኑ ችሎታ ይዞ ቢመጣና በተራው መጀመሪያ ጋሻ ያዡን ራሱን ገፍቶ ጥሎ፣ ከዚያ በብልጫ ቢመታው፣ ያ ልጅ ይቀበለዋል? ተቀበልኩ ካለ ትርጉሙን ከልቡ ያምንበታል። አይሆንም ካለ ትርጉሙ የራሱ ብቻ ነበር።

ዳኛው፦ ይህ ጠንካራ ነው። በሁለቱም በኩል የሚቆም ትርጉም ይያዝ ነው የምትዪው።

ተማሪዋ፦ ለእኔም ይሠራል። ማጥቃቱ ይቅደም ስል ጠላቶቼን እያሰብኩ ነበር? በእውነት አልነበረም፤ ቀስተኛዋ ታሳዝነኝ ነበር። ጠላቶቼም በዚያው ደንብ እንደሚታሰሩ ሳስበው ግን ፍርዴ አሁንም የምቀበለው ነው። ሁለቱንም ወገን ያቀዘቅዛል፣ ማንንም ከጦርነቱ አያስወጣም።

ዳኛው፦ እንግዲያ ፍርድሽ ይጸናል፤ ምክንያቱ ግን ይቀየር። «መጽሐፉ እንዲህ ይላል» አትበዪ፤ መጽሐፉ ሁለቱንም ይላል። «በሁለቱም ወገን ላይ እኩል ሲሠራ የምንቀበለው ይህኛውን ነው» በዪ። አንድ ሌላ ነገር ልጨምር። ውል አንዱ ወገን ብቻውን ያረቀቀው ከሆነ፣ ሲያጠራጥር በአርቃቂው ላይ ይተረጎማል የሚል መርህም እዚያው የፍትሐ ብሔሩ ውስጥ አለ። አንቺ ራስሽ የጨመርሻቸው ደንቦች አሉ?

ተማሪዋ፦ አሉ። ለምሳሌ ከከፍታ ላይ የሚያጠቃ ሰው ይጠቀማል የሚል ጨምሬአለሁ። ከፍታ ስል ምን ያህል እንደሆነ አልጻፍኩም።

ዳኛው፦ እንግዲህ ድንጋይ ላይ የቆመ ተጫዋች «ከፍታ ላይ ነኝ» ካለ ይጠቀም፤ የጠላትሽ ወታደር ድንጋይ ላይ ቢቆም ግን አይጠቀም። ቃሉን ያድበሰበስሽው አንቺ ነሽ። ማጥራት ከፈለግሽ ለሚቀጥለው ጊዜ ጽፈሽ አሳውቂ።

ተማሪዋ፦ ቅድም እኩል ይሥራ አልን፤ አሁን እኩል አይሥራ አሉኝ።

ዳኛው፦ አዎ፣ ምክንያቱም አንቺ ከእነሱ ጋር እኩል አይደለሽም። ዘንዶውም በእጅሽ፣ ፍርዱም በእጅሽ ነው። ኃይል ያለው ወገን የራሱን ቃል ሲተረጉም መጠርጠር አለበት። በወንጀል ሕግ ደግሞ ይህ ነገር ከጨዋታ ያልፋል። እዚህ ቂሊንጦ ነው ያለነው፤ ለአገሩ ሰው ቂሊንጦ ማለት ማረሚያ ቤቱ ነው፣ ቀጠሮውን የሚጠብቅ ሰው ነው። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ በቁጥር 2 ላይ ዳኛው በማመሳሰል ወንጀል እንዳይፈጥር ይከለክላል፤ የሚያጠራጥር ቃል ሲገጥመው ደግሞ በሕጉ መንፈስና ሕግ አውጪው ሊደርስበት ባሰበው ዓላማ እንዲተረጉም ይፈቅድለታል። በመተርጎምና በመፍጠር መካከል ያለችው መስመር ቀጭን ናት። እሷን መስመር የሚስት ዳኛ የሰው ዕድሜ ነው የሚያባክነው። ጨዋታ ላይ የምትለማመዱት ይህንን ከሆነ ጊዜያችሁ አልጠፋም።

ተማሪዋ፦ ጋሼ፣ አንድ የሚከብደኝ ግን ጊዜው ነው። እዚህ ከእርስዎ ጋር ሰዓት ወስደን ተነጋገርን። ጠረጴዛው ላይ ይህን ሁሉ ላድርግ ብል ጨዋታው ይሞታል። ፕሩሺያዎቹን የገደላቸው እኮ ይኸው ነበር።

ዳኛው፦ ድሮ ሁለት ሰው መንገድ ላይ ሲጣላ «በሕግ አምላክ» ብሎ አላፊ አግዳሚውን ያቆም ነበር። የቆመው መንገደኛ ዳኛ ይሆናል። ሁለቱ በፊቱ ይሟገታሉ፣ በማር ወይም በበቅሎ ይወራረዳሉ፣ እሱም ባወቀው ይፈርዳል። ያልተስማማ ወደ ሹም ይወጣል፤ ከዚያም እያለ እስከ ንጉሠ ነገሥቱ ዙፋን ችሎት ይደርሳል። የመጀመሪያው ፍርድ ፈጣን እንዲሆን ያስቻለው ይግባኝ መኖሩ ነው። መንገደኛው ቢሳሳት ነገሩ እዚያ እንደማይቀር ሁሉም ያውቃል።

ተማሪዋ፦ ስለዚህ ጠረጴዛው ላይ በአጭሩ እወስናለሁ፤ ውሳኔው ለዚያ ቀን ይጸናል፣ ዳይሱ ይቀጥላል። የተከፋ ሰው በሚቀጥለው ቅዳሜ ከጨዋታው በፊት ይግባኝ ይላል። ያኔ በሰፊው እንነጋገራለን፤ የተወሰነው በደብተር ይጻፍና ከዚያ ወዲህ ያስረናል።

ዳኛው፦ ወደኋላ አይሠራም። የሞተ ሰው በአዲስ ትርጉም አይነሳም።

ተማሪዋ፦ አይሠራም። ውርርዱንም ወደድኩት። በየጥቃቅኑ ይግባኝ የሚል እንዳይበዛ፣ የተሸነፈ ለሁሉም ሻይ ይግዛ።

ዳኛው፦ ለደሃ ተማሪ ሻይም ውድ ነው፤ ፍትሕ በገንዘብ እንዳይዘጋ ተጠንቀቂ። እሱን ለራሳችሁ ተዉት። ለመሆኑ ያን ልጅ ማን ያናግረዋል?

ተማሪዋ፦ እኔው። ነገ ጠዋት ዶርሙ ሄጄ ንባቡ ስህተት እንዳልነበረ እነግረዋለሁ። ፍርዱ እንዳልተለወጠ፣ ምክንያቱ ግን እንደተለወጠ እነግረዋለሁ። ወታደሬ ጋሻ ይዞ እንደሚመጣም አልደብቀውም። ይግባኙ የመጀመሪያው የእሱ ይሁን።

ዳኛው፦ እንዲያ ከሆነ ቅዳሜ እኔ መጥቼ ልቀመጥላችሁ። ሠላሳ ዓመት የፈረደ ሰው አያስቀይማችሁም።

ተማሪዋ፦ አይሆንም፣ ጋሼ። አይቀየሙኝ። እርስዎ ደንቡን አልተቀበሉም፤ ጋሻውም ቀስቱም አይነካዎትም። ይግባኙን የሚሰሙት የሚጫወቱት አምስቱ ናቸው፣ እኔ ድምፅ የለኝም።

ዳኛው፦ ባለጉዳዩስ? አምስት ካላችሁ አንዱ እሱ ነው፣ አንዷ ቀስተኛዋ ናት።

ተማሪዋ፦ ሁለቱ ይሟገታሉ እንጂ አይፈርዱም። ሦስት ይቀራሉ።

ዳኛው፦ ሦስት ይበቃል፤ እኩል አይከፈልም። እኔ ዳር ላይ ሆኜ ብሰማስ?

ተማሪዋ፦ ይስሙ። የሚቀጥለውን ወር የጋሻ ያዡን ወንድም ሆነው መጫወት ከፈለጉ ደግሞ ያን ጊዜ ድምፅ ይኖርዎታል።